ቆጣሪ የሌለው ተመልካች

የመብራት ሂሳባችሁን እስቲ አንድ ጊዜ ዘርዝራችሁ እዩት። የፍጆታው አለ፣ የአገልግሎቱ አለ፣ እነሱን ተከትላ ደግሞ አንዲት 10 ብር ቁጭ ብላለች። የቴሌቪዥን ነች። በየወሩ ከመብራቱ ጋር ተሰብስባ ወደ ኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን፣ አፋችን አልለቅ ብሎ እስከ ዛሬ "ኢቲቪ" ወደምንለው ቤት ትሄዳለች።

በአሥር ብሯ ላይ ጠብ የለንም። ዘንድሮ አሥር ብር አንድ ሲኒ ቡና እንኳ የማትገዛ ምስኪን ሆናለች። ጠባችን ብሯ ከተንጠለጠለችበት ቦታ ጋር ነው። የተንጠለጠለችው ቆጣሪ ላይ ነው። ቆጣሪ ያለው ቤት አለው፤ ቤት ያለው ቴሌቪዥን አለው፤ ቴሌቪዥን ያለው ያያል፤ ያየ ደግሞ ይክፈል። ሒሳቡ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ቤታችሁ ገብቶ ሳጥኑ መኖር አለመኖሩን ያየ ሰው የለም፣ ማየትም አላስፈለገው። አምፖል የሚያበራ ሁሉ ተመልካች ነው ተብሏል። የማያበራው ደግሞ ተመልካች አይደለም ማለት ነው።

እኛ ደግሞ የምንለው፣ ዛሬ የዚህ አገር እውነተኛ የቀጥታ ስርጭት ተመልካች ቆጣሪ የለውም። ቂርቆስ ውስጥ ከሆናችሁ፣ ይልቁንም ካዛንቺስ አካባቢ፣ ከማታው ሦስት ሰዓት በኋላ ውስጥ ለውስጥ መንገዶቹን አንድ ዙር ብትሄዱባቸው ታገኙታላችሁ። ሚኒባስ ውስጥ ነው ያለው። ወንበሩን አጋድሞ፣ መስታወቱን በጃኬት ሸፍኖ፣ ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ ነው የሚያየው።

ሕጉ ይህን ሰው ለምን እንዳላየው ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጃንሆይ የዘውድ በዓል ሰሞን ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር፤ ተመልካቹም ከአዲስ አበባ ዙሪያ አያልፍም። ሳጥኑ ከባድ፣ ውድ፣ ዳንቴል የሚለብስ፣ እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ የሚገለጥለት የሳሎን ጌታ ነበር። ፈቃድ ይወጣበታል፣ በዓመት ይከፈልበታል። እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ ክፍያ መጣል ቀላል ነው፤ ሮጦ አያመልጥም።

ካዛንቺስ ራሷ የመዝገብ ልጅ ናት። ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራ "ኢንቺስ" የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረው። የሠራቸው ቤቶች "ካዜ ኢንቺስ" ተባሉ፤ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ አሽቶ አሳጥሮ ካዛንቺስ አላቸው። እንግዲህ ይህ ሰፈር ከተወለደ ጀምሮ ነዋሪውን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ስምህ የተጻፈው በየትኛው ቤት ላይ ነው? ቀጥሎ ኢሲኤና አፍሪካ አዳራሽ መጡ፣ ሆቴሎቹ መጡ፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ ደግሞ በስሙ ምንም ያልተጻፈለት ሕዝብ ተጠጋግቶ ኖረ።

ያ ሕዝብ ያኔም ቢሆን ቴሌቪዥን አይቷል። ማየት አልቀረበትም። በጎረቤት መስኮት አየ፣ በር ላይ ቆሞ አየ፣ "ጫማህን አውልቀህ ግባ" ተብሎ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አየ። 1976 ዓ.ም. አልቆ 1977 ሲገባ፣ ከኢሠፓ ምስረታና ከአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ጋር ቀለም ሲመጣ፣ ባለቀለሙን ሳጥን የገዛው ሰው ጥቂት ነበር፤ ያየው ግን ብዙ ነው። የቴሌቪዥን ታሪካችን በባለፈቃዶቹ ቁጥር ቢጻፍ ግማሹ አገር በጨለማ የኖረ ይመስላል።

አሁን ወደ ሚኒባሱ እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

ሚኒባስ ውስጥ የሚያድር ሰው ማን ነው? በብዛት ረዳቱ ነው (እኛ ወያላ የምንለው፣ ለሥራው ሲሉት ግን "ረዳት" የሚባለው)። አንዳንዴ ሾፌሩም አብሮ ያድራል። ለምን ያድራል ብላችሁ ብትጠይቁ አንድ መልስ አታገኙም። የቤት ኪራይ አንዱ ነው። ሌላው፣ መኪናው ብቻውን ካደረ ጠዋት ስፖኪዮ የለም፣ አንዳንዴም ባትሪ የለም፤ ስለዚህ ባለቤቱ "እዚያው እደርና ጠብቅ" ይላል፣ ይህም ለረዳቱ እንደ ውለታ ይቆጠርበታል። የማደያው ሰልፍም አለ። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ሰልፍ የሚያዘው በሌሊት ነው፤ ሰልፍ ላይ ያለን መኪና ደግሞ ጥሎ የሚሄድ የለም። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተራ ለመያዝ ቀድሞ መገኘትም አለ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨመረ። የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ዙር ካዛንቺስ ገባ። ሰፈሩ በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። በስሙ ውል ያለው ሰው ምትክ ተሰጥቶት ከነዕቃው ወደ ገላን ጉራና ወደሌሎቹ ሰፈሮች ሄደ። ልማቱን እዚህ አንመዝነውም፤ ለብቻው የሚጻፍበት ጉዳይ ነው፣ ጽፈንበታልም። አንድ ጥያቄ ብቻ እናንሳ። በቀበሌ ቤት ጓዳ፣ ከግድግዳው ጋር በተለጠፈች ቆርቆሮ ክፍል፣ በቃል ስምምነት ወር በወር እየከፈለ ይኖር የነበረው ረዳት በየትኛው መዝገብ ላይ ይገኛል? የከፈለው ኪራይ እንጂ የተጻፈለት ስም የለውም። ሥራው፣ ተራው፣ ሥምሪቱ ያለው ግን እዚሁ መሃል ከተማ ነው። ከዳር እየተመላለሰ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካዛንቺስ ሊደርስ የሚችለው በምንድን ነው? ሚኒባስ ገና ሥራ አልጀመረም፤ ሥራ የሚያስጀምረው እሱ ነው።

ከፈረሱት ውስጥ ኳስ የምናይባቸው ቤቶችም ነበሩ። ዲኤስቲቪ ቤት የምንላቸው፣ በር ላይ ጥቂት ብር ተከፍሎ የሚገባባቸው፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባቸው፣ ላብና ለውዝ የሚሸቱ ቤቶች። ቤት የሌለው ሰው ሳሎን እነሱ ነበሩ ብንል አልተጋነነም። እነሱ ሲሄዱ ስልክ ብቻ ቀረ።

ስልኩን እዩት እስቲ። ጋቢናው ላይ በላስቲክ ታስሮ ወይም ከኋላ ወንበር ጀርባ ተንጠልጥሎ፣ ገመዱ ወደ መኪናው መለኮሻ ይሄዳል። ሞተሩ ጠፍቶ ረጅም ሰዓት ከተሰካ ባትሪው ይሞታል፤ ባትሪው ከሞተ ጠዋት መኪናው በግፊት ነው፤ በግፊት ከሆነ ደግሞ ሾፌሩ ይቆጣል። ስለዚህ ረዳቱ ስልኩን በሒሳብ ነው የሚሰካው። አንዱን ከኡራኤል አለፍ ብሎ ቆሞ አገኘነውና "ስንት ደቂቃ ታያለህ?" አልነው።

"ሁለተኛውን አጋማሽ ብቻ ነው የማየው፤ የመጀመሪያውን በሬዲዮ ነው" አለን። "ጎል ከገባ ጓደኛ ይደውልልኛል፤ ያኔ ዳታ እከፍታለሁ።"

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ወጣት ኳስ ለማየት የአንዱን አጋማሽ በጀት ይዟል። አሥር ብር በወር የሚከፍለው ባለቆጣሪ ሌሊቱን ሙሉ ቢያይ ማንም አይጠይቀውም። ይህ ልጅ ግን በመካከለኛ ጥራት አንድ ሙሉ ጨዋታ በቀጥታ ለማየት ወደ አንድ ጊጋባይት ያስፈልገዋል። የአንድ ጊጋ የዕለት ፓኬጅ ብቻውን ባለቆጣሪው በወር ከሚከፍለው ይበልጣል፤ ዕለቱ ሲያልፍ ደግሞ የተረፈው ይቃጠላል። እንግዲህ ማን ነው ለቴሌቪዥን እየከፈለ ያለው? በመዝገብ ላይ የሌለው ሰው በመዝገብ ላይ ካለው ሰው እጥፍ ድርብ ይከፍላል፤ ሆኖም ከሚከፍለው ውስጥ ለጣቢያው የምትደርስ አንድ ሳንቲም የለችም። ጣቢያውም አያውቀውም። ስለማያውቀውም ስለ እሱ አያስብም።

የሚያናድደው ደግሞ ይህ ነገር ድሮ ነፃ የነበረ መሆኑ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ መርካቶ የገባ ሰው ያስታውሳል፤ አንቴና የሚሳብላቸው የቻይና ስልኮች ነበሩ። ሁለት ሲም፣ የሚጮህ ድምፅ ማጉያ፣ ከጎኑ የምትመዘዝ ቀጭን አንቴና። አንቴናዋን ስባችሁ ወደ መስኮቱ ስታዞሯት ኢቲቪ ከች ይላል። ምስሉ በረዶ ይጥላል፣ መስቀል አደባባይ ላይ ጥሩ ሆኖ መሿለኪያ ሲደርስ ይጠፋል፣ ግን ሳንቲም አይቆርጥም። በእነዚያ ስልኮች ሳቅንባቸው፤ "ቻይና" ብለን ሰደብናቸው። ከዚያ ብልህ የተባለው ስልክ መጣ፣ አንቴናዋን ጣላት፣ ቴሌቪዥኑንም ወደ ዳታ ወሰደው። ስልኩ ሲሻሻል ተመልካቹ ደኸየ። የምድሩ ስርጭት ወደ ዲጂታል እንዲዞር ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ለአህጉራችን ቀን የቆረጠው እ.ኤ.አ. እስከ ሰኔ 2015 ነበር። ስለ ሳጥን፣ ስለ ዲኮደር፣ ስለ ዲሽ ብዙ ተወራ። በ2012 ዓ.ም. ገደማ ጣቢያዎቹ ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ አገሩ ሁሉ ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሹን አዞረ። መልካም። ጣራ የሌለው ምን ያዙር?

አሁን የሚመጡብንን መልሶች እናውቃቸዋለን፤ ከአንዳንዶቹ ጋር አምሽተን ተከራክረናል።

የመጀመሪያው "ሬዲዮ አለላቸው" የሚል ነው። አለላቸው። ሬዲዮን እንወዳለን፤ ሸገር 102.1ም ብስራት 101.1ም ከታክሲ ወንበር ጋር አብረው ያደጉ ጣቢያዎች ናቸው። ሆኖም ለድሃ ሬዲዮ፣ ለባለቤት ቴሌቪዥን ብሎ መመደብ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው? ደግሞስ ይህን የሚለን ሰው ራሱ ቤቱ ገብቶ ሬዲዮ ሲያዳምጥ አላየነውም።

ሁለተኛው "ሾፌር ቴሌቪዥን ሲያይ ሰው ይገድላል" የሚል ነው። ትክክል ነው፤ እያሽከረከረ ስልክ የሚይዝ ሾፌር በሕግም በእኛም ዘንድ ተከራካሪ የለውም፤ ይቀጣ። እኛ የምናወራው ግን ስለቆመ መኪና ነው። ማታ ቤት ስለሆነ መኪና። ሰው ተኝቶበት ስለሚያድር ወንበር።

ሦስተኛው ትንሽ ረቀቅ ይላል። "ለምን ቀጥታ? ነገ በዩቲዩብ ቅንጭቡን አይቶ ይረካ" ይላል። ይህን የሚል ሰው ቀጥታ ማለት ምን እንደሆነ ረስቶታል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ፣ ግብ ጠባቂያችን ቀይ አይቶ፣ ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ስቶ፣ ዛምቢያ ቀድማ አግብታ፣ አዳነ ግርማ በዐሥር ሰው አቻ ሲያደርገን ከተማው በአንድ ትንፋሽ ነው የጮኸው። ያ ጩኸት በማግስቱ ቢታይ ጩኸት አይሆንም። ውጤቱ የታወቀ ኳስ የቀዘቀዘ ሽሮ ነው፤ ይበላል፣ ግን ማን ይመኘዋል?

እንኳን በማግስቱ፣ ግማሽ ደቂቃም ዋጋ አላት። በኢንተርኔት የሚመጣ ቀጥታ ስርጭት ከዲሹ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ካዛንቺስ ውስጥ ይህን በጆሯችሁ ታረጋግጣላችሁ። ትልቅ ጨዋታ ባለበት ማታ ከሆቴሉ በረንዳ "ጎ...ል!" የሚል ጩኸት ይፈነዳል፤ በሚኒባሱ ስልክ ላይ ግን ኳሷ ገና መሃል ሜዳ ናት። ልጁ ማን እንዳገባ ሳያውቅ ጎል መግባቱን ያውቃል። ከዚያ ምስሉ ይቆማል፣ ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሲመለስ ተጫዋቾቹ ተቃቅፈዋል። ይህ ሰው ከእኛ ጋር በአንድ መንገድ ዳር፣ በአንድ ሌሊት ነው ያለው፤ ደስታው ግን ሁሌም ከኛ ኋላ ነው የሚመጣለት።

ኳስ ብቻ ከሆነማ ይሁን ባልን። ረዳቱ የሚኖርበት ሥራ በቴሌቪዥን መግለጫ የሚወሰን ሥራ ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ሚኒባስ በግማሽ ይጫን፣ ታሪፍ በእጥፍ ይሁን ሲባል መጀመሪያ መስማት የነበረበት ማን ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ የተለቀቀ ዕለት ተሳፋሪው ሁሉ ጥያቄውን የሚያነሳው ታክሲ ውስጥ ነበር፤ መልሱ ግን ሳሎን ውስጥ ነው የተነገረው። የነዳጅ ዋጋ ተሻሻለ በተባለ ቁጥር በማግስቱ ከተሳፋሪ ጋር በሳንቲም የሚሟገተው፣ የሚሰደበው፣ አንዳንዴም የሚመታው ይኸው ልጅ ነው። መንግሥት ውሳኔውን ለሕዝብ የሚነግርበት መስኮት ለዚህ ሰው በሜጋባይት የሚሸጥ መሆኑ አያሳፍርም?

ከሁሉ የባሰው ደግሞ መስኮቱ ጠርቃሚ ያለው መሆኑ ነው። ዲሽና አንቴና ያለው ሰው ኢንተርኔት ቢዘጋም ቴሌቪዥኑ ይሠራል። በኔትወርክ የሚያይ ሰው ግን ሁሉም ነገሩ በአንድ ክር ላይ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ጠፋ፣ ከሦስት ሳምንት በላይም ጠፍቶ ቆየ። አገር በጭንቅ ላይ በነበረችበት በዚያ ሰሞን ባለዲሹ ዜና እያየ ይጨነቃል፤ ባለስልኩ ግን ምንም ሳያይ ይጨነቃል። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ስልክም ኢንተርኔትም አልነበራትም። የአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ አንስቶ የሞባይል ዳታ ተቋርጦበት ብዙ ወራት አሳለፈ። ከጎንደር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከደሴ መጥቶ እዚህ ሚኒባስ ላይ የሚሠራ ልጅ ያኔ እናቱ የምታየውን ማየት፣ እሷም እሱ የሚያየውን ማየት አይችሉም ነበር።

የካቲት 2015ን ደግሞ በተለይ አስታውሱልን። በቤተ ክርስቲያኗ ውዝግብ ሰሞን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ፤ እገዳው አምስት ወር ያህል ዘለቀ። ዩቲዩብ ማለት ጣቢያዎቻችን፣ የመንግሥቱን ጨምሮ፣ ቀጥታ ስርጭታቸውን ለስልክ የሚያደርሱበት መንገድ ነው። መንግሥት የራሱን ቴሌቪዥን በራሱ እጅ ከራሱ ዜጋ ስልክ ላይ ዘጋው ማለት ነው! የጣቢያው ሰዎች ይህን ሲያዩ ምን እንዳሉ አልሰማንም። በየቤቱ ያለው ሳጥን ስላልጠፋ ምንም የጠፋ አልመሰላቸውም መሰለን። ወጣቱ ቪፒኤን ከፍቶ አየ፤ ቪፒኤንም ዳታ ይበላል፤ ዳታውም ከኪሱ ነው።

ውጭ አገር እንዴት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እንግሊዞች ቀጥታ ቴሌቪዥን በየትኛውም መሣሪያ ላይ ለሚያይ ሰው ሁሉ ፈቃድ ግዴታ አድርገዋል፤ ስልክም ቢሆን። ቤት ውስጥ ፈቃድ ያለው ሰው ግን ውጭ ወጥቶ በስልኩ ባትሪ ብቻ ቢያይ የቤቱ ፈቃድ ይሸፍነዋል፤ ግድግዳ ላይ ከሰካው ነው ነገሩ የሚለወጠው። እዚያ አገር መኪናቸውን ቤት አድርገው የሚኖሩ ሰዎች ስላሉ በዚህ ላይ ይጨቃጨቃሉ፤ ሶኬትና ባትሪ እየለዩ። ይሳቅብናል እንጂ አይሳቅባቸውም፤ ቢያንስ ተመልካቹ ሳሎን ውስጥ ላይሆን እንደሚችል አስበውበታል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2013 መሣሪያ መቁጠሩን ትተው በየመኖሪያው አንድ ክፍያ አደረጉት። ፊንላንዶች በዚያው ዓመት ጭራሽ ከቤትም ከሳጥንም ለይተው እንደ ገቢ መጠን የሚከፈል ግብር አደረጉት። ቤት የሌለው ገቢው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ይከፍላል ወይም አይከፍልም፤ ተመልካችነቱን ግን ማንም አይነጥቀውም።

እኛ ፊንላንድ እንሁን አላልንም። የምንለው የሚቻል ነገር ነው። ቴሌብር ላይ *127# መትተን ያለ ዳታ ብር እንልካለን፤ ዳታ የሌለው ሰው ከገንዘቡ እንዳይለይ ታስቦ የተሠራ መንገድ ነው። የመንግሥት ቴሌቪዥን ቀጥታ ስርጭት በስልክ ሲታይ ከዳታ እንዳይቆርጥ ማድረግስ ከዚህ በምን ይከብዳል? ትልቁ ቴሌኮም የመንግሥት ነው፣ ጣቢያው የመንግሥት ነው፣ አሥር ብሯን የሚሰበስበው የመብራት መሥሪያ ቤትም የመንግሥት ነው። ሦስቱ ወንድማማቾች ማዕድ ቀርበው መነጋገር አቅቷቸው ነው? ከመስከረም 2015 ወዲህ ሳፋሪኮምም አዲስ አበባ ገብቷል፤ የሚያስተላልፈው ሁለተኛ መንገድም አለ ማለት ነው። ሁሉንም ጣቢያ፣ ሁሉንም ኳስ አላልንም፤ የኳሱ መብት የሌላ ሰው ንብረት መሆኑን እናውቃለን። በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራው ጣቢያ፣ በዝቅተኛ ጥራትም ቢሆን፣ ለሕዝቡ ስልክ በነፃ ይድረስ ነው ያልነው።

ያ እስኪሆን ደግሞ አደባባዮቻችን ላይ ሌሊቱን ሙሉ ማስታወቂያ የሚያሽከረክሩ ስክሪኖች አሉ። አዲሷ ካዛንቺስም መብራቱ፣ ንጣፉ፣ መቀመጫው አላት፤ አምራለች፣ አንዋሽም። በታክሲ መነሻዎቹ ላይ አንድ አንድ ስክሪን አቁሞ የማታውን ዜናና የብሔራዊ ቡድኑን ጨዋታ ማሳየት ለከተማዋ ከአበባ ውኃ ማጠጣት አይከብዳትም። የመንገድ ዳር ሰው ቆሞ ማየት ድሮም ያውቅበታል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረን። ኮርፖሬሽኑ በ2006 ዓ.ም. ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኗል፤ በዓመት በዓመቱም እዚያ ቀርቦ ሪፖርት ያሰማል። ካዛንቺስ ውስጥ "እንደራሴ" የሚባል ሰፈር አለ፤ ወያላዎቹ በቀን መቶ ጊዜ ስሙን ይጠሩታል፣ "እንደራሴ! እንደራሴ! አንድ ሰው!" እያሉ። የምር እንደራሴ የሆናችሁ፣ በስማችን የተቀመጣችሁ ሰዎች፣ ሪፖርቱ ሲቀርብ አንዳችሁ እጃችሁን አውጡና ከቆጣሪ የተሰበሰበው ብር ስንት እንደሆነ፣ ከዚያም ውስጥ ቆጣሪ ለሌለው ተመልካች የዋለው ስንት እንደሆነ ጠይቁልን። ስብሰባው በቀጥታ የሚተላለፍ ከሆነም ቀኑን ቀደም ብላችሁ ንገሩን፤ ረዳቶቹ ፓኬጅ ይግዙበት።